ስለ ሆቴል ምርጫ፤ ከታሪካዊውና ከዘመናዊው የትኛው ይሻላል?

ከቤት ወጥቶ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት በሆቴል ማደር በአገራችን ለረጅም ዘመን የመንገደኛና የውጭ አገር ሰው ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። በሚኖርበት ከተማ፣ ዘመድ ሳያጣና ጣራው ሳያፈስበት፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ ሆቴል የገባ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ «ምን አጣልቷቸው ይሆን?» ማለቱ አይቀርም ነበር። አሁን ግን የጋብቻን ዓመት ለማሰብ፣ ከሕመም የተነሣን ሰው ለማሳረፍ፣ ወይም ልጆች ወላጆቻቸውን ለማክበር ሲሉ በዚያው በአዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል መያዝ እየተለመደ መጥቷል። ልማዱን አንነቅፈውም። ከእርሱ ጋራ የሚነሣው ጥያቄ ግን ቀላል መስሎ ብዙ ቤት ሲያከራክር ስላየን፣ የዛሬውን ገጻችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄውን ያቀረቡልን በሳንሱሲ የሚኖሩ፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አባወራ ናቸው። የሰፈሩን አቀማመጥ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሳንሱሲ በከተማው ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ የአምቦ መንገድ ወደ አዲስ አበባ በሚገባበት ላይ ያለ ሰፈር ነው። ስለዚህ ከአምቦ፣ ከጊንጪና ከሆለታ የሚነሣ ዘመድ ሁሉ ከተማውን ከማየቱ አስቀድሞ የሚያገኘው የእርሳቸውን ቤት ነው። አንዱ በጳውሎስ ሆስፒታል ለመታከም ይመጣል፤ አንዱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለበት፤ አንዷ ልጇን ትምህርት ቤት ልታስገባ ትመጣለች። ሁሉም በዚያው ያድራል፤ ሁሉም በዚያው ይበላል። ጠያቂያችን ስለ ባለቤታቸው የጻፉት ቃል አጭር ቢሆንም ልባችንን ነክቶታል፤ ይኸውም ወይዘሮዋ በተጋቡ በ38 ዓመት ውስጥ፣ ከወሊድ ጊዜ በቀር፣ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ አንድ ሌሊት እንኳ ተኝተው አያውቁም የሚል ነው።

ልጆቻቸው ይህን አስበው ለሁለት ሌሊት ዕረፍት የሚሆን ገንዘብ አዋጥተዋል። ወንድ ልጃቸው በቦሌ በኩል ከተሠሩት ታላላቅ አዳዲስ ሆቴሎች አንዱ ይሁን ይላል። ሴት ልጃቸው ደግሞ በፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ካልሆነ ትላለች። ወንድምና እኅት በዚህ ነገር እስከ መኰራረፍ ስለ ደረሱ፣ አባት በመካከል ሆነው ፍርድ ለመኑን።

ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት የሁለቱንም ወገን ማስረጃ መመልከት ይገባል። በሴት ልጃቸው እንጀምር።

ሆቴል ከመኖሩ በፊት በአገራችን እንግዳ የሚያርፈው በሁለት መንገድ ነበር። ተራው መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደረሰበት ደጃፍ ይቆማል። የመንግሥት መልእክተኛና በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የሚጓዝ የውጭ አገር ሰው ደግሞ ከባላገሩ ድርጎ ይወጣለታል። በሁለቱም ዘንድ ላሳደሩበትና ላበሉበት ዋጋ መጠየቅ ነውር ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ግን ነጋዴውም የውጭ አገር መልእክተኛውም እየበዛ ሄደ፤ ሁሉንም በግቢ ድርጎ ማሳደር የማይቻል ሆነ። በ1898 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ ሲጻፍለት የኖረው የእቴጌይቱ ሆቴል የተነሣው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል እየተባለ ይጠራል። እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለሕዝቡ እንግዳ ነገር ስለ ነበረ ወደ ቤቱ የሚገባ ጠፋ፤ ስለዚህም ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳባቸውን ከፈሉ፤ መኳንንቱም እንደዚሁ እንዲከፍሉ አደረጉ ተብሎ ሲነገር ኖሯል። ያን ቀን ከፋዮቹ በልባቸው ምን እንዳሉ ተራኪዎቹ አልነገሩንም። ዛሬ ግን በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የእነርሱን ወንበር ወርሶ የተቀመጠ ያህል ነው።

ቤቱ ያለ መከራ አልኖረም። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ከፊሉ ተቃጥሏል፤ የሙዚቃ ወዳጆች ያዘወትሩት የነበረው ጃዛምባ የተባለው አዳራሽም በዚያው ጠፍቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ አካባቢ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አንባቢዎቻችን አይተዋል። እንግዲህ አያቶቻችን ያዩትን ደረጃ በእግራችን የምንረግጥበት ቤት በየዓመቱ እየቀነሰ መሄዱን ስናስብ፣ ሴት ልጃቸው የያዘችው ክርክር የሚናቅ አይደለም። አሮጌ ቤት የሚቆመው በሐውልትነቱ ተደንቆ ብቻ አይደለም፤ ገብቶ የሚበላበትና የሚያድርበት ሰው ሲኖረው ነው።

የወንድ ልጃቸውም ማስረጃ ብርቱ ነው። ሂልተን በ1962 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ሸራተን አዲስም በ1990 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከዚያም በጥር 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦሌ ስካይላይትን ሲከፍት፣ እያንዳንዱ በየጊዜው የከተማውን ሰው ስለ ምቾት ያለውን አሳብ ለውጦታል። ስካይላይት በኋላ በተጨመረለት ሕንፃ የክፍሎቹ ቍጥር 1,024 ደርሷል። አሳንሰሩ ከምድር ቤት አንሥቶ እስከ ክፍሉ በር ያደርሳል፤ ሙቅ ውሃ በማንኛውም ሰዓት ይገኛል፤ መብራት ቢጠፋ የሆቴሉ ሞተር ወዲያው ይተካዋል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። ጠያቂያችንም በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ትንሽ ነገር አድርገው፣ የባለቤታቸው ጉልበት ከደረጃ ጋራ እንደማይስማማ ጠቅሰዋል። እኛ ግን ከደብዳቤው ሁሉ አስበልጠን ያነበብነው ይህንኑ መስመር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። «ታሪካዊ» እና «ዘመናዊ» የሚባሉት ስሞች የሚጸኑ አይደሉም። የእቴጌይቱ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ በከተማው ውስጥ ከእርሱ የዘመነ ማረፊያ አልነበረም። በሎንዶን ያለው ሳቮይ ሆቴል ዛሬ በአሮጌነቱ የሚወደድ ሲሆን፣ በ1889 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲከፈት የተደነቀው በኤሌክትሪክ መብራቱና በአሳንሰሩ ነበር። ሂልተንም፣ ትናንት የተሠራ እየመሰለን፣ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከምድር በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ የሚሞላው የመስቀል ቅርጽ ያለው መዋኛው የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ማሳሰቡ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የሕፃንነት ትዝታ ሆኗል። ስለዚህ ከዕድሜው ይልቅ አያያዙን መመርመር ይሻላል። በደንብ ያልተያዘ አዲስ ሆቴል በ10 ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ ሲያረጅም የሚተርከው ነገር የለውም።

ስለ ሳንሱሲ ስንጽፍ በአሳባችን የመጣ ሌላ ታሪክ አለ። ስሙ ለፈረንሳይኛ አዋቂ «ያለ ጭንቀት» የሚል ድምፅ አለው። ይህንኑ ስም የያዘ ቤተ መንግሥት በጀርመን አገር፣ በፖትስዳም ከተማ ይገኛል። የፕሩስያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ከ1745 እስከ 1747 በፈረንጅ አቆጣጠር ያሠሩት ነው። መሐንዲሳቸው ክኖበልስዶርፍ ሕንፃውን ከፍ ባለ መሠረት ላይ ለማቆም አስቦ ነበር። ንጉሡ ግን ከክፍላቸው በቀጥታ ወደ አትክልቱ ቦታ ለመውጣት ስለ ፈለጉ እንቢ አሉ፤ ቤቱም ፎቅ የሌለው ዝቅተኛ ቤት ሆኖ ተሠራ። ከሰባቱ ዓመት ጦርነት በኋላ፣ ከ1763 እስከ 1769፣ በዚያው አጸድ ውስጥ ከ200 በላይ ክፍሎች ያሉት ታላቅ አዲስ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ይህን ግን ኃይላቸውን ለማሳየትና እንግዶቻቸውን ለማሳረፍ አደረጉት፤ ለራሳቸው ዕረፍት የመረጡት ያንኑ ትንሹን ቤት ነበር።

ሴት ልጃቸው ይህን ብታነብ ተረታሁላችሁ ሳይሆን ረታሁ ብላ ትደሰት ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ነገር ትመልከት። ንጉሡ ትንሹን ቤት የመረጡት ደረጃ ስለሌለውና አትክልቱ ከበራፉ ስለሚጀምር ነው፤ ከእርጅናው የተነሣ አይደለም፤ ያን ጊዜ ቤቱ ገና አላረጀም ነበርና። ሁለተኛም ንጉሡ በትልቁም ሆነ በትንሹ ቤት አልጋቸውን ራሳቸው አላነጠፉም።

ወደ ዋናው ነገር የሚያደርሰን ይህ ሁለተኛው ነው። በአሮጌ ሆቴል የእንጨት ወለሉ፣ የመጋረጃው አሰቃቀል፣ የቡናው ሽታ፣ ሁሉም የሰው ቤት ይመስላል። ለብዙ ሰው ደስታው ይኸው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እንግዳ ስትቀበል ለኖረች ሴት ግን ቤት የሚመስል ነገር ሁሉ ሥራ ይጠራታል። አንሶላው ተጣሞ ብታይ ታቃናለች፤ ሳህኑ ቢዘገይ ወደ ማጀቱ በር ታያለች፤ የምታጥበውን ልጅ «አንቺ ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ የደግነቷ ልማድ ነውና አንነቅፈውም፤ ዕረፍት ግን አይደለም። በአዲሱ ሆቴል ግን ከእጇ ሥራ ጋራ የሚመሳሰል ነገር አታገኝም። በሩ በካርድ ይከፈታል፤ አልጋው እርሷ ቁርስ ላይ ሳለች ይነጠፋል፤ ማጀቱም የት እንዳለ አይታወቅም። በመጀመሪያው ቀን ግር ይላታል፤ በሁለተኛው ቀን ግን እጇን አጣጥፋ ለመቀመጥ ትገደዳለች።

ስለዚህ የሳንሱሲዋ ወይዘሮ ሁለቱን ሌሊት በአዲሱ ሆቴል ቢያድሩ ይሻላል ብለን ፈርደናል። የመካከለኛውን ቀን ምሳ ግን በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይብሉ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ይበልጥ ይመቻል፤ ቤቱ በጾም ምሳው ሲታወቅ ኖሯልና። ሴት ልጃቸውም አባትና እናቷን ከፊት ለፊቱ አቁማ ፎቶግራፍ ታንሣቸው፤ ሒሳቡንም አባት ራሳቸው ይክፈሉ። ጉልበታቸው ደኅና የሆነ ወጣት ባልና ሚስት ቢጠይቁን ኖሮ ፍርዳችን የተገለበጠ ይሆን ነበር፤ እነርሱ በአሮጌው ቤት ይደሩና ለአዲሱ ሆቴል የሚያወጡትን ገንዘብ ለሌላ ነገር ያስቀምጡት።

ወንድ ልጃቸው ስለ ረታ እንዳይኰራ ጥቂት ሥራ እንሰጠዋለን። ክፍሉን ከመያዙ በፊት ራሱ ሄዶ ይየው። ሥዕሉን አይቶ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሥዕሉን አይደለም። ወደ አውራ ጎዳና የሚያይ ክፍል እንዳይሰጠው ይናገር። ከላይኛው ፎቅ ይልቅ ዝቅ ያለውን ይምረጥ፤ ከተማውን ከሰማይ ማየት ለወጣት ደስ ቢለውም እናቱ ከአሳንሰሩ በቅርብ መሆንን ይመርጡ ይሆናል። በመታጠቢያው ቤት ውስጥ ገንዳውን ተሻግሮ መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ ክፍል ይጠይቅ፤ የሚንሸራተት ወለልና ከፍ ያለ ገንዳ ለታመመ ጉልበት ከደረጃ ይብሳሉ።

ስለ ዋጋም እናስጠነቅቃለን። ብዙ ሆቴሎች በቃል የሚነግሩት ዋጋ መጨረሻው አይደለም። ክፍሉ 10,000 ብር ነው ቢባልና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨመርበት 11,000 ይሆናል፤ በዚህም ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 12,650 ብር ይደርሳል። ሁለት ሌሊት ሲሆን ልዩነቱ 5,300 ብር ነው፤ ይህም አንድ ቤተ ሰብ ደኅና ምሳ የሚበላበት ገንዘብ ነው። እንግዲህ «ሁሉ ተጠቃሎ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ንፍገት ተብሎ አይቈጠር። ለአገር ነዋሪ የተለየ ዋጋ እንዳለና ቁርስ በውስጡ እንደ ሆነም አብሮ ይጠየቅ።

ጊዜውን በተመለከተ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ የሚደረግበትን የየካቲትን ሰሞን መተው ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ ክፍል ይጠፋል፤ ቢገኝም ይወደዳል። የጥምቀትና የሠርግ ሰሞንም እንደዚሁ ጩኸት ይበዛዋል። ከሳንሱሲ በአስኮና በዊንጌት በኩል ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ጧት በመኪና ስለሚጨናነቅ፣ ከረፋዱ በኋላ ቢነሡ ደክመው አይደርሱም።

የቀረው ከሆቴሉ ጋራ የማይገናኝ ቢመስልም ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ነው። ከአምቦ መንገድ ለሚመጡት ዘመዶች በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ቤቱ በልጆቹ እጅ መሆኑ በስልክ ይነገራቸው፤ እንጀራው ከዋዜማው ይጋገር፤ ወይዘሮዋም ስልካቸውን ለሴት ልጃቸው ሰጥተው ይሂዱ።