ከባሕር ማዶ የመጣ ወንፈል

በገጠር ያደገ ሁሉ ወንፈልን ያውቃል። ዛሬ እኛ የጎረቤታችንን እርሻ ብናርም ነገ እርሱ የእኛን ያርማል፤ ዕዳው የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በጉልበት ነው። ይህ ደግ ልማድ በአንድ መንደር ሰዎች መካከል ብቻ ሳይሆን፣ ደም በተቃቡ ሕዝቦች መካከልም ሊሠራ እንደሚችል የሚያስረዳ ታሪክ ስላለ ለዛሬው እሑድ ልናነሣው ወደድን።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ግን ሎታር ክራይሲግ የተባሉ ጀርመናዊ፣ የወጋም ሊረሳ አይገባውም ብለው ተነሡ። እኒህ ሰው በናዚዎች ዘመን ዳኛ ሳሉ የአእምሮ ሕሙማን መገደላቸውን በመቃወማቸው ከሥራቸው የተወገዱ ነበሩ። በርሊን ላይ በተደረገው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ ጀርመን የበደለቻቸው ሕዝቦች ወጣቶቿ መጥተው በገዛ እጃቸው ቤተ ክርስቲያን ወይም ሆስፒታል ወይም ሌላ በጎ ነገር እንዲሠሩላቸው ይፈቅዱ ዘንድ ለመኑ። ልብ እናድርግ፤ «እንርዳችሁ» አላሉም፤ «ፍቀዱልን» አሉ እንጂ።

ልመናው ፍሬ አፈራ። በፈረንሳይ አገር ቴዜ በምትባል ትንሽ መንደር የጀርመን ወጣቶች ድንጋይ ተሸክመውና ሲሚንቶ አቡክተው የሠሩት የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 6 ቀን 1962 ተመረቀ። በእንግሊዝ አገርም፣ በ1940 በጀርመን ቦምብ በነደደው በኮቨንትሪ ካቴድራል፣ በ1961 ሌሎች የጀርመን ወጣቶች መጥተው ከፍርስራሹ ክፍሎች አንዱን ወገን ለእንግዶች መቀበያ አድርገው አበጁት። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ካሣ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1965 ከኮቨንትሪ የተነሡ ወጣቶች በተራቸው ወደ ድሬስደን ሄዱ፤ በ1945 በእንግሊዝና በአሜሪካ አውሮፕላኖች በተደበደበችው በዚያች ከተማ የፈረሰውን የዲያቆናውያት ሆስፒታል በማደስ ሥራ ተካፈሉ። እነሆ ወንፈሉ ተመለሰ!

በዛሬው ጊዜም በዕረፍት ወራቸው ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ባሕር የሚሻገሩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። «ለአውሮፕላን የሚወጣው ገንዘብ የአገሩን ግንበኞች ስንት ቀን ባሠራ ነበር፤ ቱንቢ ይዞ የማያውቅ ልጅ የሠራውንስ ግድግዳ ማን ያቀናዋል?» የሚሉ አሉ። ነቀፋው ከእውነት የራቀ አይደለም። ግድግዳ ለማቆም ብቻ ከሆነ መንገደኛው ቀርቶ ገንዘቡ ቢላክ ይሻላል።

እኛ ግን መሄድን ጨርሶ አንነቅፍም። የቴዜም ሆነ የኮቨንትሪ ሥራ ዋጋው ከግንቡ ይልቅ በሠሪውና በባለቤቱ መካከል በተቃናው ነገር ላይ ነበርና። የትናንት ጠላት ልጅ ግቢያችን ገብቶ አቧራ ለብሶ ሲውል ማየት፣ በደብዳቤ ከሚላክ ይቅርታ ይበልጣል።

ስለዚህ ወደ ሌላ አገር ለሥራ የሚነሣ ወጣት ሻንጣውን ከመሸከፉ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ እንላለን። ባለቤቶቹ ጠርተውኛልን? የአገሩን ግንበኛ እንጀራ አልነጥቅምን? እነርሱስ በተራቸው የእኔን ቤት ሊሠሩ ቢመጡ ደጄን እከፍትላቸዋለሁን? የመጨረሻውን በእሺታ ሊመልስ የማይችል ሰው ምጽዋት ሊሰጥ ሄደ እንጂ ወንፈል አልወጣም።