ቶሎ አፉን ለፈታ ልጅ

ልደታ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ በረንዳ ላይ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ በእናቱ ክንድ ሆኖ ቁልቁል ያያል። አረንጓዴው ባቡር ከጦር ኃይሎች ወደ አያት፣ ሰማያዊው ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ፤ ልደታ ላይ ሁለቱም ያልፋሉ። «አረንጓዴው የት ሄደ? ለምን ሄደ? ሰዎቹስ?» ጥያቄው ማለቂያ የለውም።

የእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ወላጆች ደስታ ቶሎ ወደ ጥድፊያ ይለወጣል። መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት ገና ቢሆንም ከወዲሁ ትምህርት ቤት ይፈለግለታል። ስልክ ይሰጠውና ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይሸመድዳል፤ እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ኤቢሲዲ በል» ይባላል። አያቱ በአማርኛ የጠየቁትን ግን መመለስ ያቅተዋል። ይህ ያሳዝናል።

ነቃ ላለ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የሚያዋራው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሃርቫርድና የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ጥናት ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 36 ልጆችን ተመልክቷል። ለቋንቋ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ይበልጥ ነቅቶ የተገኘው ከትልቅ ሰው ጋር እየተቀባበሉ ብዙ ባወሩት ልጆች ላይ ነው። ብዙ ቃል መስማት ብቻውን ይህን አላመጣም፤ የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ከግምት ገብቶም ውጤቱ ያው ነበር።

ለስክሪንም ቢሆን በልጁ ቋንቋ የተሠራ አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ሳለች ለኢትዮጵያ ሕፃናት በቋንቋቸው የተሠራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አለመኖሩን አይታ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ጀመረች። ጠያቂዋ ቀጭኔ ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ናት፤ ፕሮግራሙ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አሸንፏል። እሱም ቢሆን የሚጠቅመው ወላጅ አብሮ ተቀምጦ «አሁን ምን ልታደርግ ነው?» እያለ ሲያየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁለት ዓመት ልጅ የሚፈቅደው የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥም፤ ካነሰም የተሻለ ነው ይላል።

የቀረው ትምህርት ወጥ ቤት ውስጥ አለ። ድንች ሲላጥ «ትልቁን አምጣልኝ፤ ከሱ የሚያንሰውስ የቱ ነው?» ማለት ሒሳብ ነው። እንቆቅልህ፣ ተረት ተረት፣ አጎት ከሥራ ሲገባ «ዛሬ ምን አየህ?» ብሎ መልሱን እስኪጨርስ መጠበቅ፣ ሁሉም ወጪ የለባቸውም። ፊደልም ልጁ ራሱ ከጠየቀ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይጀመር፤ 33ቱን ቤት በአንድ ወር ለማስጨረስ መሯሯጥ አያሻም።

አንደበቱ የአራት ዓመት ልጅ ቢመስልም እንቅልፉ የሁለት ዓመት ነው፤ ቀን የሚተኛውን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ከምሳ በኋላ ዓይኑን ማሸት ከጀመረ መጽሐፉ ይታጠፍ።