ትርፍ ሰዓት የሚያስተምር ሰው ትርፍ ሰው አይደለም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ አንብቡልኝ።

ከሲሬ ነቀምቴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜና እሁድ በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት መካከል የኤክስቴንሽን ተማሪዎች አሉ። የባንክ ሠራተኛ፣ የማኅበር ሂሳብ ያዥ፣ መምህር፣ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ የሚሄድ ነጋዴ። አንዳንዶቹን ሃይስኩል እያሉ ኢኮኖሚክስ አስተምሬያቸዋለሁ። አሁን ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ እየተማሩ ነው። ሃንድአውታቸውን ይዘው ሲመጡ አብረን እናያለን። የምለውም ካየሁት ተነስቼ ነው።

በቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም፣ በተለይ በግል ኮሌጆች፣ ብዙ ኮርስ የሚሰጠው በፓርት ታይም መምህር ነው። ሰውየው በሳምንቱ ባንክ ይሠራል፣ ገቢዎች ይሠራል፣ ዩኒየን ይሠራል። ችግሩ እዚህ ላይ አይደለም። እንዲያውም ለኢኮኖሚክስ ከዚህ የተሻለ ሰው የለም ባይ ነኝ። ችግሩ አጠቃቀማችን ነው። ኮርሱ ሊጀመር ሲል ይደወልለታል። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በጥቂት ቅዳሜዎች ይጠቀጠቃል። ክፍያው በሰዓት ነው፣ እሱም ግሬድ ካስገባ በኋላ ሲገኝ። ታዲያ ምን ያድርግ? ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ አድርጎ ያነባል። ሃንድአውቱ ላይ ደግሞ የፍላጎት ሕግ የሚብራራው በፒዛ ነው። የሲሬ ልጅ ፒዛ ሲወደድ ምን እንደሚያደርግ እንዴት ይወቀው?

በእጃችን ያለውን እንይ።

አንደኛ፣ በቆሎ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም በሀገሪቱ በቆሎ ተትረፈረፈ፤ ዋጋው ወደቀ፤ ማሳ ላይ የተወውም ገበሬ ነበር። ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ለቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መግዣ ያጣል። ከዚያ ድርቁ መጣና በ1995 ዓ.ም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድህን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በ2000 ዓ.ም ሲያስጀምሩ ደጋግመው ያነሱት የነበረው ይህንኑ የገበያ ችግር ነው። መጽሐፉ ላይ «ኮብዌብ ሞዴል» ተብሎ በሁለት መስመር የሚሳለው የዚህ ዘመድ ነው፤ የዘንድሮ ዋጋ የከርሞን ምርት ይወስናል። ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዘር የወጣው እዚሁ ጎረቤታችን ባኮ ካለው የምርምር ማዕከል ነው። ምሳሌው ደጃችን ላይ ሆኖ ፒዛ ፍለጋ እንሄዳለን!

ሁለተኛ፣ ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ? የወለጋ ቡና «ለቀምት» በሚል ስም ዓለም ገበያ ይወጣል። ማዳበሪያ ደግሞ ከውጭ በዶላር ይገባል፤ መንግሥትም ድጎማ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቡናም በቆሎም ያለው አንድ ገበሬ በአንድ እጁ አግኝቶ በሌላው ሊያጣ ይችላል። ቡና ሻጩ ጋ ሳይደርስ መሐል ላይ የሚቀረውስ ስንት ነው? ይህን ከአንድ የዩኒየን ሂሳብ ሠራተኛ በላይ ማን ያስረዳል?

ሦስተኛ፣ ዕቁብ። ዕጣ ቀድሞ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ብር ወሰዱ፤ ግን እኩል አገኙ? የዋጋ ንረት ባለበት አገር ይህቺን ያሰላ ተማሪ የገንዘብን የጊዜ ዋጋ ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ዕቁብተኛው ራሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል እኮ!

«ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ማስተማር ይችላል ወይ?» የሚል ይኖራል። አይችልም። ወሬ አውርቶ የሚወጣም አለ፤ የገበያ ወሬ ብቻውን ኢኮኖሚክስ አይሆንም። ግራፉ፣ ስሌቱ፣ ቲዎሪው መኖር አለበት። በተለይ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ቀልድ የለም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም በመጀመሪያው ፈተና 50 በመቶ አምጥተው ያለፉት ከተፈታኞቹ ከግማሽ በታች ነበሩ። ግን ሃንድአውት የሸመደደ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ይጠፋበታል፤ በበቆሎ የገባው ልጅ በፒዛም ቢመጣ ይመልሳል። አሁን ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። እኛ ሃይስኩል ላይ የምንዘራውን ኮሌጁ ካላረመው ልፋቱ ከንቱ ነው።

ስለዚህ የቢዝነስ ኮሌጆችን በየትም ያላችሁ ኃላፊዎች፣ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ፓርት ታይም መምህሩን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሩት፤ ከቋሚ መምህር ጋር አጣምሩት፣ ያኛው ቲዎሪውን ይያዝ፣ ይሄኛው ገበያውን ያምጣ። የሠራበትን በወቅቱ ክፈሉት፤ ስለ ማበረታቻ የሚያስተምር ሰው ራሱ ማበረታቻ አጥቶ ማስተማሩ ያሳፍራል። አሳይመንቱን ደግሞ ከኢንተርኔት ከመገልበጥ አውጡት፤ ተማሪው በየከተማው ገበያ ወጥቶ የአራት ሳምንት የበቆሎ ዋጋ መዝግቦ ይምጣ፣ ለምን እንደወጣና እንደወረደ ያስረዳ። መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጨምር ዋጋው ምን እንደሚሆን ያኔ በዓይኑ ያያል።

ይህ ሁሉ ሕንፃ አይጠይቅም። እነዚህ ልጆች የሚከፍሉት ከደሞዛቸው ቀንሰው፣ ከቤታቸው ቀንሰው ነው። ዲግሪው ሲሰጣቸው እውቀቱም አብሮ ሊሰጣቸው ይገባል።

ፓርት ታይም የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ኤክስቴንሽን የምትማሩ ልጆቼም፣ ከክፍል ይዛችሁ የወጣችሁትን፣ የገባችሁን አንድ ምሳሌ ብቻ ከታች ጻፉልኝ። ሰኞ ክፍል ይዤው እገባለሁ።