እጅ ከመወቀሱ በፊት መቀሱ ይፈተሽ

የካፋን መልክዓ ምድር በወረቀት ሞዴል ለማሳየት የሚነሣ ተማሪ ቀላል ሥራ አይጠብቀውም። በቦንጋ ዙሪያ የሚበዛው ዳገትና ሸለቆ ነው። ተማሪው የካርታውን የከፍታ መስመሮች አንድ በአንድ በጠንካራ ወረቀት ላይ ይገለብጣል፤ ይቆርጣል፤ አንዱን በሌላው ላይ ይደርባል። በመጨረሻ የሚያገኘው በእጅ የሚዳሰስ ተራራ ነው። የቤተ ሙከራ ዕቃ ለሚቸግረው ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ይሁንና በ1፡50,000 ስኬል በተዘጋጀ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በመሬት ላይ 50 ሜትር ነው። መቀሱ ይህን ያህል ከሳተ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌርነት የመዘገበው የካፋ ደን ጠርዝ በሞዴሉ ላይ 50 ሜትር ይሸሻል። ስሕተቱ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የተማሪው እጅ ነው። በእኛ እምነት ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት መቀሱ ነው።

ለመሆኑ መቀስ ምንድን ነው? በአንድ ብሎን የተጋጠሙ ሁለት ሌቨሮች ነው። ከብሎኑ 6 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ጣቶቻችን በ10 ኒውተን ኃይል ቢጫኑ፣ ሰበቃን ትተን ስናሰላ፣ ከብሎኑ በ3 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ወረቀት 20 ኒውተን ያገኛል፤ በ12 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ግን 5 ኒውተን ብቻ። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ረጅም መቀስ ለቀጥታ መስመር እንጂ ለጠመዝማዛ አይመችም። ለሞዴል ሥራ አጭር ስለት፣ ሹል ጫፍና ከስለቱ የማያንስ እጀታ ያለውን መምረጥ ይበጃል። በምንቆርጥበትም ጊዜ የምናዞረው ወረቀቱን እንጂ መቀሱን አይደለም።

ምቾትም ቅንጦት አይደለም። ግፊት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው፤ ቀጭን የጣት ቀለበት ያንኑ ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ጣትን ይቆረቁራል። የታመመ ጣት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በተጨማሪም ዝናብ በሚበዛበት በካፋ ወረቀት እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል፤ ብሎኑ የላላ መቀስ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከመቁረጥ ይልቅ በስለቶቹ መካከል ያጥፈዋል። እንግዲያው ከመግዛታችሁ በፊት በመቀሱ ጫፍ ስስ ወረቀት ቆርጣችሁ ሞክሩ፤ ከሥራ በኋላም ስለቱን አድርቃችሁ ብሎኑን ዘይት አስነኩት።

ከሁሉ የሚበደሉት ግራኞች ናቸው። የተለመደው መቀስ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ ሲጨብጠው ስለቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፣ ግራ እጅ ግን ያላቅቃቸዋል። የላይኛውም ስለት የሚቆረጠውን መስመር ከግራኙ ዓይን ይጋርዳል። ይህ የሜካኒክስ ጉዳይ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም።

ርካሽ መቀስ በብዛት ተገዝቶ ለብዙ ተማሪ ይደርሳል የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ግን ተማሪዎች በቡድን ተራ እየጠበቁ የሚሠሩባቸው ጥቂት ደኅና መቀሶች እንዲገዙ እንመክራለን፤ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ ለግራኝ የተሠራ ይሁን። «እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም» ብሎ የተግባር ትምህርትን የሚሸሽ አንድ ተማሪ ከመቀስ ዋጋ እጅግ የበለጠ ኪሳራ ነውና።