ባሕሩን የጠበቀው ማን ነው? ለማንስ ጠበቀው?



በዚህ ዓመት በታሪክ ክፍላችን ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፤ «በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይዘዋወሩ የነበሩት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የሰላም ጠባቂዎች ነበሩን ወይስ የቅኝ ገዢ ዘበኞች?» የሚል ነበር። ገሚሶቹ ጓደኞቼ መርከቦቹን ባሪያ ነጻ አውጪ አድርገው አመሰገኑ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ፈጽመው ረገሙ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ትልቅ ነገር እንደ ዘነጉ ስለማምን፤ አሳቤን በዚህ መጽሔት ለመግለጽ ተነሥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መርከቦቹ በዚያ ውሃ ላይ ለምን እንደ ቆሙ እንመልከት። እንግሊዝ ወደ ሕንድ የሚወስደውን መንገድ ለማንም አሳልፋ መስጠት አትፈልግም ነበር። በ1914 ደግሞ መንግሥቷ በፋርስ ዘይት ከሚያወጣው ኩባንያ ላይ የሚበዛውን አክሲዮን ስለ ገዛ፤ የባሕረ ሰላጤው ውሃ ለጦር መርከቦቿ የነዳጅ በር ሆነ። በዚያ ጠረፍ የነበረው ዋና እንደራሴዋ የሚቀመጠው በፋርስ አገር በቡሽር ከተማ ሲሆን፤ የሚታዘዘውም ለሕንድ መንግሥት ነበር። መርከቦቹ እስከ 1935 በሄንጃም ደሴት፤ ከዚያም በኋላ በባሕሬን ሰፍረው ነበር። እንግዲህ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፤ ዘበኛው የቆመው በመጀመሪያ ለራሱ ጥቅም እንደ ሆነ መካድ አይቻልም።

ከዐረብ ገዢዎች ጋር የነበረው ግንኙነት የታሰረው በውል ነው። በ1892 የዕርቅ ጠረፍ ይባል የነበረው አገር ሼኮች፤ ከእንግሊዝ በቀር ከማንም መንግሥት ጋር ላለመዋዋል፤ መሬታቸውንም ለሌላ ላለመስጠት፤ ላለመሸጥና በመያዣ ላለማስያዝ ፈርመው ነበር። በ1922 ደግሞ እንግሊዝ ካልፈቀደችለት ሰው ጋር ስለ ዘይት እንዳይዋዋሉ ተጨማሪ ቃል ገቡ። ልብ በሉ፤ በዚያ ጊዜ በምድራቸው ውስጥ ዘይት መኖሩ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ያላዩትን ሀብት ቁልፍ አስቀድመው ለሌላ ሰው አስረከቡ ማለት ነው።

ለሼኮቹ በምላሹ የተሰጣቸው ጥበቃና ክብር ነው። የክብሩም ልክ በመድፍ ይቈጠር ነበር፤ ለትንንሾቹ ሼኮች ሦስት ጊዜ ሲተኰስ፤ ለመስቀጥ ሡልጣን ግን ሃያ አንድ ጊዜ ይተኰስ ነበር። ነገር ግን ለክብር የሚተኰሰው መድፍ ለቅጣትም ይተኰስ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። በ1925 ሚያዝያ ወር የፉጃይራው ሼክ ሐመድ ቢን ዐብደላ በባሪያ ንግድ ጉዳይ ተከሶ 1,500 ሩፒ መቀጫ እንዲከፍል ተጠየቀ። ሎረንስ የተባለችው መርከብም አምባውን ለ90 ደቂቃ ያህል ደብድባ ሦስት ግንቦቹን አፈረሰች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1923 የባሕሬኑ ሽማግሌ ገዢ ሼክ ዒሳ ሥልጣኑን ለልጁ እንዲለቅ ሲደረግ፤ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በወደቡ ላይ ቆመው ይታዩ ነበር። መድፍ አጠገቡ ቆሞ የሚደረግ ምክር በእውነቱ ምክር ሊባል ይችላልን?

በሌላ በኩል ግን፤ ጥቅም ሲጠይቅ መድፉ ዝም ይል ነበር። በ1932 የሻርጃው ሼክ ሡልጣን ቢን ሰቅር ወደ ሕንድ ለሚበርሩት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ማረፊያ ሲፈቅድ፤ በየወሩ 800 ሩፒ ኪራይና ለራሱ 500 ሩፒ አበል ተቈረጠለት። በዚያው ጠረፍ ሉል ለማውጣት ከሚጠልቁት ሰዎች መካከል ባሮች ነበሩ። እንግሊዝ ሸሽቶ ወደ ወኪሏ ቤት ለደረሰ ባሪያ የነጻነት ወረቀት ትሰጥ ነበር፤ ሳይሸሽ በጌታው ቤት ለቀረው ግን «የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው» ብላ ታልፈው ነበር። የመርከቦቹ ወቃሾች እስከዚህ ድረስ እውነት አላቸው።

አሁን ደግሞ ወደ አመስጋኞቹ ልመለስ። በ1927 በጅዳ ከንጉሥ ኢብን ሳዑድ ጋር በተደረገው ውል፤ እንግሊዝ የንጉሡን ፍጹም ነጻነት ስታውቅ፤ እርሱም የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ሊረዳ ቃል ገባ። በጅዳ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላም ወደ ደጁ የሸሹትን ባሮች ነጻ የማውጣት መብቱን እስከ 1936 ድረስ ይዞ ቈየ። በ1934 ከየመኑ ኢማም ያህያ ጋር በተደረገውም ውል፤ ኢማሙ ከአፍሪካ በባሕር ባሪያ እንዳይገባ ሊከለክል ተስማማ። ታዲያ አንድ ሰው ሰንሰለቱ ሲፈታለት፤ የፈታውን እጅ «ምን ጥቅም ፈልገህ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ነጻ የወጣ አንድ ነፍስ እንኳ ቢሆን ታላቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የባሕሩ ጥበቃ ንግዱን ሊያጠፋው አልቻለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፤ ሳንቡክ የሚባለው ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ከረዳው በአንድ ሌሊት ይሻገረዋል። ጀልባው የሌላ መንግሥት ባንዲራ ካውለበለበ መርከበኛው እንዳሻው ሊፈትሸው አይችልም። ቢፈትሸውም ባሮቹ መርከበኞች ወይም ወደ መካ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ናቸው ይባልለታል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የተያዙት ጀልባዎች ጥቂቶች ነበሩ።

ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ያ ጀልባ በታጁራ ጠረፍ ሲጫን፤ የተጫኑት እነማን ነበሩ? የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ከቀያቸው ፈንግሎ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ የነዳቸውስ ማን ነው? እንግሊዝ አይደለም፤ ዐረብም ብቻ አይደለም። ፈንጋዩም፤ ሻጩም፤ በየኬላው ቀረጥ የተቀበለውም ከእኛው መካከል ነበር። «ደጅህን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ አትበል» ይላል ያገራችን ሰው። የክርክሩ ተናጋሪዎች ስለ መርከብና ስለ ሼክ ብዙ ሲናገሩ፤ ስለዚህ ጕዳይ አንድ ቃል እንኳ አለመናገራቸው አሳዝኖኛል።

ለዚህም ቸልተኝነት አገራችን ዋጋ ከፍላለች። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በ1924ና በ1931ም ዐዋጆች ወጡ። ነገር ግን ሥራው እንደ ዐዋጁ አልፈጠነም። በ1935 ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፤ በማኅበሩ ፊት ካቀረበቻቸው ክሶች አንዱ ይኸው ባርነት ነበር። ወራሪው ለባሮቹ አዝኖ እንዳልነበረ በኋላ ያፈሰሰው ደም ይመሰክራል፤ ቢሆንም ሰበቡን ከእኛው ቤት አገኘው።

የባሪያ ንግድ በመጨረሻ የተቈረጠው በባሕር ላይ ሳይሆን በየብስ ነው። በኢትዮጵያ በ1942 ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር ዐዋጅ ወጣ። ባሕሬን በ1937፤ ኩዌት በ1949፤ ቀጠር በ1952፤ ሳዑዲ ዐረቢያም በ1962 ባርነትን ከለከሉ። ሻጭም ገዢም በሕግ ሲታገዱ፤ ጀልባው የሚጭነው ዕቃ አጣ። የእንግሊዝ መርከቦችም በ1971 ከባሕረ ሰላጤው ወጡ፤ ሼኮቹም የራሳቸውን መንግሥት አቋቋሙ።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ፤ «ያለፈ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። በዚያው ባሕር ላይ፤ ከዚያው ከኦቦክና ከታጁራ አካባቢ፤ ዛሬም በየዓመቱ ብዙ ሺህ የእኛ ዕድሜ ወጣቶች በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። በእርግጥ በሰንሰለት የነዳቸው የለም፤ በገዛ እግራቸው ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ነገሩ አንድ ነው አልልም። ነገር ግን በነፍሳቸው የሚነግድ ደላላ አለ፤ በውሃው ውስጥ የሚቀሩም አሉ። ይህን በሰማን ጊዜ ሁሉ የባሕር ጠባቂዎችንና የዐረብ አሠሪዎችን ለመውቀስ እንፈጥናለን። መውቀሱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ግን የመንገዱ መጀመሪያ ከሰፈራችን ነው።

ስለዚህ ለክርክሩ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ መርከቦቹ የቅኝ ገዢ ዘበኞች ነበሩ፤ በዘበኝነታቸውም መካከል አንዳንድ መልካም ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለገዛ ወገኑ ሊያደርግ የሚገባውን ሳያደርግ ከቀረ፤ ሥራውን ባዕድ ይሠራለታል፤ ባዕድም ደመወዙን የሚቀበለው ከነጻነቱ ላይ ቈርሶ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ለደላላ አሳልፈው ባይሰጡ፤ መምህራን ይህን ታሪክ ሳይሸፋፍኑ ቢያስተምሩን፤ እኛም ተማሪዎች የሌላውን ጥፋት ስንቈጥር የራሳችንን ባንዘል፤ ባሕሩ ብዙ ጠባቂ ባላስፈለገውም ነበር።