ሉፕ በሚገባበት ጊዜ ለሚሰማ ሕመም የትኛው መድኃኒት ይረዳል?

በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውና በተለምዶ ሉፕ የሚባለው የወሊድ መከላከያ ከ99 በመቶ በላይ አስተማማኝ ነው። የመዳብ ዓይነቱ እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፤ እናት ልጅ በፈለገች ጊዜም ይወጣል። ይሁንና በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ካገቡ ሴቶች መካከል በሉፕ የሚጠቀሙት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ መርፌ የሚወስዱት 27 በመቶ ናቸው። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የሕመም ፍርሃት አንዱ መሆኑ ግን አይካድም።

በሐረር ከተማ፣ በጁገል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ለሚኖሩ ተገልጋዮች የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙዎችን የሚያሳስበው ዋጋው ሳይሆን በምርመራ አልጋው ላይ የሚያልፉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ሕመሙ የሚበረታው የማሕፀን በር በመሣሪያ ሲያዝ፣ የማሕፀን ጥልቀት ሲለካና ሉፑ ሲገባ ነው። አንዳንዷ ሴት እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ብቻ ይሰማታል፤ ሌላዋ፣ በተለይም ወልዳ የማታውቅ ከሆነች፣ ብርቱ ሕመም ሊያጋጥማት ይችላል።

አስቀድሞ ኢቡፕሮፌን መዋጥ የተለመደ ምክር ነው። ሆኖም በርካታ ጥናቶችን የመረመረው የ2007 ዓ.ም. የኮክሬን ግምገማ ይህ ክኒን ሉፑ በሚገባበት ቅጽበት የሚሰማውን ሕመም እንደማይቀንስ አመልክቷል፤ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ለሚቀረው ቁርጠት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በማሕፀን በር ዙሪያ በመርፌ ሲሰጥ ወይም ሲቀባ ሕመሙን ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። ሚሶፕሮስቶል ግን ለሁሉም በመደበኛነት እንዲሰጥ አይመከርም።

ሊዶኬይን በአገሪቱ እንግዳ መድኃኒት አይደለም። በክንድ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ሲገባ ቆዳው የሚደነዝዘው በዚሁ ነው። ለክንድ የሚታሰበው ለማሕፀን በር ሳይታሰብ መቅረቱ በአመዛኙ የልማድ ጉዳይ ይመስላል። እርግጥ በማሕፀን በር ዙሪያ መውጋት የተለየ ሥልጠና ይጠይቃል፤ መርፌው ራሱም ሊያም ይችላል።

ተገልጋይዋ ከመጀመሩ በፊት ምን ዓይነት ማደንዘዣ እንዳለ መጠየቅ፣ በመካከልም ይቁም ማለት ትችላለች። ማብራሪያውንም፣ ሐረሪም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛም ይሁን ሶማሊኛ፣ በምትረዳው ቋንቋ ማግኘት ይገባታል። የመድኃኒት አለርጂ ወይም የልብ ሕመም ካለባት ለባለሙያው አስቀድማ ትንገር። ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም መመለስ ይኖርባታል።