ውሻውን የሚይዘው ልጅም ይጠየቅ

ፊደል ለይታችሁ ይህን ጋዜጣ ራሳችሁ ለማንበብ የበቃችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዛሬው ነገሬ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ እረኛ ልጆቻችሁ ነው። ዕድሜዬ ገና 20 ነው። «ይህ ደግሞ እኛን ሊመክር ተነሣ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

የማስተምርበት መንደር መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ግርጌ ነው። ጓሳን ለማታውቁ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ውርጫም ደጋ ነው። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናብ ገሳ የሚሠራበት ሣር ይበቅልበታል። የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ በጋራ እያጨዱ ጠብቀው አቆዩት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ቆይቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ። ሣሩ ስላለ አይጡ አለ፤ አይጡ ስላለ ቀይ ቀበሮው አለ፤ ዋና ምግቡ አይጥ ነውና። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር አይገኝም። በአገራችንም ያደጉት ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም።

ታዲያ ምን ይፈጀዋል ብትሉ፣ አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያደርሰው የእኛው ውሻ ነው። ከብት ተከትሎ ይወጣል፣ ከቀበሮው ጋር ይናከሳል፣ አለቀ። በባሌ ተራሮች በ1984 ዓ.ም. ብዙ ቀይ ቀበሮ በዚህ በሽታ አለቀ። ከ1995 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1996 ዓ.ም. ሲመለስ፣ በወይብ ሸለቆ ከ4 ቀበሮ 3ቱን ያህል ገደለ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና መጣ። መድኃኒቱ ውሻን ማስከተብ ነው። በሽታው እንዳይዛመት ከ10 ውሾች ቢያንስ 7ቱ መከተብ አለባቸው። ይህ ለቀበሮው ብቻ አይደለም፤ ያው ውሻ ሰውም ይነክሳል፣ ላምም ይነክሳል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በቅርቡ ከታቢዎች መንደራችን መጡ። ቀኑን የቆረጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሥራ ቀን ነበር። ልጆቹ በሙሉ ከብት ይዘው ወጥተዋል። ትልልቁ ሰው ውሻ ሊይዝ ተነሣ። ኧረ ምኑ ይወራል! አንድ አባት የገዛ ውሻቸው ጥርሱን ሲያሳያቸው ዘለው አጥር ላይ ወጡ። ውሻ የሚያውቀው አብሮት የሚውለውን፣ ከቁርሱ ቆርሶ የሚሰጠውን እረኛ ነው። ግማሹ እንኳ ሳይከተብ መሸ፤ ከታቢዎቹም መድኃኒታቸውን ይዘው ተመለሱ።

ማታ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለአባቱ ፋኖስ ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆየና፣ «እኔን ቢጠሩኝ እይዘው ነበር» አለ። ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ከምንጩ በላይ ባለው ኮረብታ አምስት ቀይ ቀበሮ እንዳለ፣ አንዱ እንደሚያነክስ፣ እናቲቱ የት ጉድጓድ እንደምትገባ አንድ በአንድ ነገረኝ። ግልገል የነጠቀው ግራጫው ቀበሮ ሆኖ ሳለ ቀዩ እንደሚታማም ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሃጩን የሚያዝረበርብ ባዳ ውሻ ኮረብታው ላይ አይቶ ለትልልቅ ሰዎች ተናግሮ እንደነበር አጫወተኝ። «አርፈህ ከብትህን ጠብቅ» ተባለ። ውሻው በሦስተኛው ቀን ጊደር ነከሰ፤ ጊደሯም ሞተች። ቀበሮ ይንከስ አይንከስ የሚያውቅ የለም።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ስለ ጓሳና ስለ አውሬው በምትመክሩበት ስብሰባ እነዚህን ልጆች አስቀምጧቸው። ለሆታና ለጭብጨባ ብቻ መጥራት ይቅር፤ የሚናገሩት ከቃለ ጉባኤው ይግባ። ከብት ሲጠብቁ አይተው የሚጽፉበት አንድ ደብተር ይሰጣቸው፤ መጻፍ ለማይችለው የሚችለው ይጻፍለት። እንጨት የሚለቅሙትና ኩበት የሚሰበስቡት ልጃገረዶችም አይረሱ፤ ብዙ ያያሉ። ሣር ሌባ ፊት ግን ልጅ አቁማችሁ አትላኩ። እሱ የጎልማሳ ሥራ ነው።

«በሬዬን ማን ይጠብቅ?» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። በክትባቱ ቀን ከየቤቱ አንድ ትልቅ ሰው ለግማሽ ቀን ከብት ይዞ ቢወጣ ነገሩ ያልቃል። ልጁ ሲይዝም ውሻው ሊነክሰው ስለሚችል አፉ ይታሰር። ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ልጁም «ቁስሉ ትንሽ ነው» ሳይባል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ከታቢዎቹ ተመልሰው እንደሚመጡ ነግረውናል፤ ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ልጁን ትናንት ሳገኘው ኮረብታው ላይ አራቱን አይቷል። የሚያነክሰውን ገና እየፈለገ ነው።